ከልቡ አንድ ስንዝር

«ሬዲዮኑን እንዲህ የሚያስጮኸው ነገር እኔን ምን ያደርገኝ ይሆን?»

ባለቤቴ ይህን የጠየቀን ከሆስፒታል ወጥቶ ሰበታ ወዳለው ቤታችን በተመለሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ነው። ልጃችን ከቡራዩ ልትጠይቀው መጥታ ነበር። ስልኳን መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከሬዲዮኑ አጠገብ አስቀምጣ ሾርባ ስታቀርብለት፣ የዜና አንባቢው ድምፅ ድንገት ተቆራረጠና ሬዲዮኑ «ጥር ጥር ጥር፣ ጥርርር» አለ። ወዲያው ስልኩ ጠራ።

ያንን ድምፅ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዚያ ጊዜ ስልክ ከመጥራቱ በፊት አጠገቡ ያለ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ገብቶ ይንጫጫል። ቤተ ክርስቲያን ስብከት መሀል ማይክሮፎኑ ሲንተረተር፣ ሁላችንም ቦርሳና ኪሳችንን እየዳበስን «የኔ ይሆን?» በሚል ዓይን እንተያይ ነበር። ቤታችን ውስጥማ ጨዋታ ነበር። ባለቤቴ ራሱ «ሬዲዮናችን ነቢይ ሆናለች፣ ሊደወል ነው» ብሎ ስልኩ ሳይጠራ ያነሳው ነበር።

ያን ቀን ግን አልሳቀም። መዳፉን ግራ ደረቱ ላይ፣ ቁስሉ ገና ባልደረቀበት ቦታ አሳርፎ ሬዲዮኑን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ እኛን አየ።

የልቡ ምት መዘግየት የጀመረው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። አንድ ቀን ገበያ መሀል፣ ሌላ ቀን ደጃፋችን ላይ ወደቀ። አዲስ አበባ ወስደነው፣ ሐኪሞቹ ከቆዳው ሥር ትንሽ መሣሪያ ቀበሩለት። ልቡ ሊዘገይ ሲል ቀስቅሶ የሚያስመታ መሣሪያ ነው። ሐኪሞቹ በእንግሊዝኛ ስሙ ይጠሩታል። ሰፈሩ «ባትሪ» አለው፣ እኛም ባትሪ አልነው። ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ ብዙ ነገር ነገረችን። ጥድፊያ ነበር፣ በኮሪደሩ ሌላ ታማሚ በአልጋ እየተገፋ ይመጣ ነበር። ክንድህን ወደ ላይ አታንሳ፣ ቁስሉን ውሃ አታስነካ፣ ከስልክ ጠንቀቅ በል። እንዴት አድርጎ እንደሚጠነቀቅም ሳትነግረን አትቀርም። እኛ ጋ የቀረው ግን «ከስልክ ጠንቀቅ» የሚለው ብቻ ነው።

«አንተ እኮ ሬዲዮ አይደለህም» አልኩት።

«ባትሪ የገባበት ሰው ግማሹ ሬዲዮ ነው» አለኝ።

ለቀልድ ያለው አልነበረም። ዕድሜውን የጨረሰው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ማሽኖች መሀል ነው። እዚያ ያየውን አንድ ነገር በዚያ ሰሞን ደጋግሞ ይነግረን ጀመር። ከአዳራሹ ጥግ ብየዳ ሲጀመር፣ ወዲህ ማዶ ያለው አዲሱ ማሽን የሸመነውን ጨርቅ የሚቆጥርበት ሰሌዳ ቁጥሩ ይዘል ነበር። «ሽቦ ከሽቦ አልተነካካም። ማንም ሰው አጠገቡ አልደረሰም። በአየር ነው የመጣው» ይላል። «ብረት የለበሰውን ማሽን ካሳሳተ፣ ሥጋ የለበሰውን ይምረዋል?»

እኔ አንደኛ ደረጃ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ እንዲህ ያለ ነገር ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

ልጃችን ግን ተከራከረችው።

«አባዬ፣ ስንቱ ሰው በኪሱ ይዞት ይዞር የለ እንዴ?»

«እነሱ ባትሪ የላቸውም።»

«እኮ! ባትሪ የሌለውን አይነካም ማለት ነዋ።»

«እሱን ገና እያሰብኩበት ነው» አላት።

እውነቱን ነው፣ እያሰበበት ነበር። ጥያቄው ከእሱ ደረት ተነስቶ ወደ ሰው ሁሉ ይሄድ ነበር። ሬዲዮን የሚረብሽ፣ ማይክሮፎን የሚያስጮህ ነገር ጆሮ ላይ ተለጥፎ ሲውል ጭንቅላት ውስጥ ምን ይሠራል? ልጃችን ወደ ቡራዩ ከመመለሷ በፊት ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ እንዳትተኛ አስማላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ ከቤታችን ወጣ። ባለቤቴ ከግቢው በር ጀርባ የዱቄት ወተት ጣሳ በሚስማር ሰቀለ። ገቢ ሁሉ ስልኩን እዚያ ይከታል ተባለ። መጀመሪያ ላይ ማጥፋትም አያስፈልግም ነበር፣ ቆርቆሮው ይይዘዋል ብሎ ነበር። ሙከራ ይደረግ አለ። የእኔን ስልክ ጣሳው ውስጥ አስገብቶ ከደነና ተከራያችን ከውጭ ሆና እንድትደውል አደረጋት። ተከራያችን ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ወጣት ናት። ደወለች። ስልኩ ጣሳው ውስጥ ሆኖ ሰፈሩን እስኪያናውጥ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እንኳን ሊይዘው አጎላው እኮ!» አለች እየሳቀች።

ማጥፋት ግዴታ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህች ልጅ እናቷን የምታገኘው በስልክ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከሥራ ስትመለስ ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ከኋላው አጥር ሥር ቆማ በወላይትኛ ታወራለች። «እትዬ፣ ቢሮዬ ልገባ ነው» ትለኛለች። እኔም ውዬ አድሬ ቢሮዋን ተጋራሁ። ለልጄ የምደውለው ከዚያው ሆነ።

የእኛ ሰፈር የታመመ ሰው መጠየቅ ያውቅበታል። እንጀራውን፣ ሎሚውን፣ ጨዋታውን ይዞ ይመጣል። ስልክ ባትሪውን ይነካል የሚል ወሬ ሲሰማ ደግሞ ከተባለው በላይ ሄደ። አንዷ ጎረቤታችን በር ላይ የእጅ ሰዓቷን አውልቃ ገባች። ሌላዋ «የወርቅ ጥርሴስ?» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ከበሩ ርቃ ተቀመጠች። ባለቤቴ ጥርሱ ግድ የለም እስኪላት ድረስ አልሳቀችም።

ከሁሉ የበረቱት ከአጥራችን ማዶ ያሉት አዛውንት ናቸው። ሰፈሩ ስማቸውን ያለ ኦቦ አይጠራም፣ በኦሮምኛ አቶ እንደ ማለት ነው። እኔ እዚህ የማንንም ስም ስለማላነሳ ኦቦ ብቻ እላቸዋለሁ። ከከተማው ጫፍ ጤፍና ሽምብራ የሚዘሩበት መሬት አላቸው። ስልካቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። እኛ በር ላይ ሲደርሱ ያጠፉታል፣ ገመዱን ይጠቀልላሉ፣ ጣሳው ውስጥ ከተው ይከድናሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም እያሉን የሚገቡት።

«ኦቦ፣ ይህን ሁሉ ለእኔ ብለው?» ይላቸዋል ባለቤቴ።

«በሬዬ ሲታመም ዝንብ አባርርለት የለ? ለአንተ ስልክ ባጠፋ ምን ይገርማል?»

«ከበሬው እኩል ሆንኩ ማለት ነው?»

«ቆይ እንጂ፣ መቼ እኩል አልኩህ? በሬው ያርሳል።»

ይህን የምጽፈው በዝግታ ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ የሁለቱ ሳቅ ይሰማኝና ብዕሩን አስቀምጣለሁ። ሐዘን እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። የሚያስለቅሰኝ የታመመበት ቀን ሳይሆን የሳቀበት ቀን ነው።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሳው በዚያ ወራት ነው። አዲስ አበባ በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር በአንድ ዕቅድ ልትታቀፍ ነው ተባለ። ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው አለ፣ ወጣቱ መንገድ ላይ ወጣ። አንድ ቀን ሰበታ፣ አንድ ቀን ቡራዩ፣ አንድ ቀን ሱሉልታ መንገዱ ተዘጋ ይባላል። ጥይት የተሰማበት ቀን ነበር፣ የለቅሶ ድንኳን የተተከለበት ደጅም ነበር። ስለዚያ ሐዘን ለመናገር ከእኔ የሚቀድሙ እናቶች ስላሉ፣ እኔ በራሴ ደጅ ያለፈውን ብቻ እጽፋለሁ። ኦቦ በዚያ ሰሞን ማሳቸው ዳር ቆመው ያረፍዱ ነበር። «የሚለካ ሰው መጣ እንዴ?» እንላቸዋለን። «እስካሁን አልመጣም። እንዳልተኛ ያደረገኝ ግን እሱ ነው» ይሉናል።

ሰበታና ቡራዩ በካርታ ሲታዩ ጎረቤት ናቸው። መንገዱ ግን አዲስ አበባ ገብቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መንገድ ሲዘጋ ልጃችን ሩቅ አገር እንደሄደች ያህል ነበር። ባለቤቴ ስልክ አልይዝ ስላለ ድምፅዋን ከሰማ ወራት አለፈ። እኔ ከአጥሩ ሥር አውርቼ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ምን አለች?»

«ደህና ነኝ አለች።»

«ድምፅዋስ?»

«ደህና ነው።»

«ደህና ድምፅ ምን ዓይነት ነው?» ይለኛል ተናዶ።

ድምፅን እንዴት ተሸክሜ ላምጣለት? ቡራዩ ተኩስ ነበር የተባለ ዕለትማ ደጋግሞ ወደ አጥሩ ላከኝ። ሁልጊዜ ደህና ናት ብዬ እመለሳለሁ፣ ሁልጊዜ አያምነኝም። እንዲህ በሚፈራው ነገርና እንዲህ በሚናፍቀው ነገር መሀል ተቀምጦ ሲከሳ አየሁት።

ከዚያ ማዞር ጀመረው። አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ግድግዳ ያዘ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ።

«ባትሪው ነው» አለ። «አንድ ሰው ስልኩን ሳያጠፋ ገብቷል።»

ፊታችንን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ተከራያችን «እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ ጌታን!» ብላ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ፈራሁ። መሣሪያው በእርግጥ ተበላሽቶ ከሆነ ልቡ ወደ ድሮው መዘግየት ሊመለስ ነው፣ አንድ ቀን ወድቆ ላይነሳ ይችላል። ልጃችን ሆስፒታሉ ጋ ተመላልሳ የምርመራ ቀጠሮ አስያዘች። በዋዜማው አዲስ አበባ አክስቷ ቤት አድራ ሆስፒታል እንድትጠብቀን ተስማማን።

በቀጠሮው ጠዋት ሰፈሩ ሊሸኘን መጣ። የታመመ ሰው ለሕክምና ሲወጣ መሸኘት እኛ ጋ ያለ ነው። መንገዱ የሚያስፈራ ስለነበረም ከወትሮው ይልቅ ብዙ ሰው መጣ። ሁሉም ስልኩን አጠፋ። ጣሳው ሞልቶ የተረፈው ከሥሩ መሬት ላይ ተደረደረ። ኦቦ መረቁ፣ ተከራያችን ዓይኗን ጨፍና ጸለየች፣ ጎረቤቶች ግንባሩን ሳሙት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ስልኩ የሚሠራ አንድ እንኳን አልነበረም።

በዚያችው ሰዓት ልጃችን «አትነሱ፣ ዓለም ገና ጋ መንገዱ ተዘግቷል» ልትለን ትደውል ነበር። የእኔ ዝግ ነው። የተከራያችን ዝግ ነው። የኦቦም፣ የጎረቤቶችም፣ የምታውቀው ቁጥር ሁሉ ዝግ ነው። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲዘጋባት አንድ ነገር ደርሶብናል ብላ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ መቀመጧን በኋላ ነገረችኝ። እኛ ግን በዚያች ሰዓት እየተመረቅን ነበር።

ኦቦ «አብሬያችሁ ካልሄድኩ» ብለው ሚኒባሱ ላይ ወጡ። ዓለም ገና ሳንደርስ መኪናው ቆመ። ፊት ለፊት ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይነድዳል፣ ወጣቶች ቅጠል ይዘው ይዘፍናሉ። ሹፌሩ መሪውን እያዞረ «እኔ ተመልሻለሁ፣ የሚወርድ ይውረድ!» አለ። ቀጠሮውን በስንት ልመና ስላገኘነው ወረድን። ከድንጋዩ ማዶ ሌላ መኪና እናገኛለን ብለን ነበር።

ጥቂት እንደተራመድን ባለቤቴ ክንዴን ጨመቀኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ኦቦ በኦሮምኛ ጮክ ብለው «ልጆቼ፣ የታመመ ሰው ነው!» አሉ። ዘፈኑ ቆመ። ሁለት ወጣቶች መንገዱን ከዘጉበት ድንጋይ ውስጥ ጠፍጣፋውን መርጠው አነሱና መንገድ ዳር አመጡለት። አንደኛው ሹራቡን አውልቆ አነጠፈበት።

«ፋዘር፣ ይቀመጡ።»

ለልጄ ልደውል ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት ስልኬን ጣሳው ውስጥ መተዌ ትዝ አለኝ። ከባለቤቴ ጋር ስሄድ ይዤው ወጥቼ አላውቅም። ኦቦ ስንነሳ ከጣሳው ያወጡትን የራሳቸውን ስልክ ከኮታቸው ሥር አወጡና አበሩት። ስልኩ ሲበራ የሚስጥር ቁጥር ጠየቀ።

«ምን ይላል?» አሉ።

«የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ ይላል፣ አባ» አላቸው ሹራቡን ያነጠፈው ወጣት።

«እሱን የሚያውቀው ልጄ ነው። ቤት ስገባ የሚያበራልኝ እሱ ነው።»

«ልጅዎ የት ነው? ይደወልለት።»

«እነሱ ቤት ነው። ስልኩን አጥፍቶ።»

ወጣቶቹ ሳቁ። ኦቦም ሳቁ፣ እኔም በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ሳቄ መጣ። ወጣቱ የራሱን ስልክ ሰጠኝ። «ማዘር፣ ኢንተርኔት የለውም እንጂ ለመደወል ይሠራል» አለኝ።

የልጄን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። ከባለቤቴ ለመራቅ ብዬ መንገዱን ተሻግሬ ማዶ ሆኜ ደወልኩ። ድምፄን ስትሰማ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ «ቆዪ፣ ዶክተሯ አጠገቤ ናት» ብላ አገናኘችን። ባትሪውን የምትከታተልለት ወጣት ሐኪም ናት።

«አሁን ምን ይሰማቸዋል?» አለችኝ።

«አሁን ምን ይሰማሃል ትላለች!» ብዬ ወደ ማዶ ጮህኩ።

«ዞረብኝ በያት!»

«ዞረብኝ ይላል።»

«ደረታቸውን ያማቸዋል?»

«ደረትህን ያምሃል ወይ ትላለች!»

«ኧረ አያመኝም!»

«ሽንታቸውስ? መልኩ እንዴት ነው?»

«ሽንትህ መልኩ እንዴት ነው ትላለች!»

ቅጠል የያዙት ወጣቶች ፊታቸውን አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

«እሱን ደግሞ በማይክሮፎን ተናገሪው!» አለኝ ባለቤቴ።

ዶክተሯ «ከማን ጋር ነው የሚጮኹት?» አለችኝ።

«ከእሱ ጋር። ከመንገዱ ማዶ ነው።»

«ታዲያ ስልኩን ለምን አይሰጧቸውም?»

«ባትሪው አለ አይደል?» አልኳት።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። «እናቴ፣ መሣሪያው በግራ ደረታቸው ነው ያለው። ስልኩን በቀኝ ጆሯቸው ይያዙት። ደረት ኪስ ውስጥ አይጨምሩት እንጂ፣ ከመሣሪያው አንድ ስንዝር ያህል ከራቀ አያሰጋም። ሲወጡ አልነገሯችሁም?»

ተሻግሬ ሄጄ ነገርኩት። «አንድ ስንዝር» አልኩት።

እጁን አነሳ። ስልኩን ሊቀበለኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አውራ ጣቱን ጠባሳው ላይ ተክሎ ትንሿን ጣቱን ወደ ቀኝ ጆሮው አቅጣጫ ዘረጋ። ፋብሪካ ሳለ ጨርቅ ይለካ እንደነበረው ረጋ ብሎ ለካ። ጣቱ አንገቱ ጋ ቀረች። ጆሮው ገና ሩቅ ነበር።

«ልጃችንም አለች?» አለኝ።

«አጠገቧ ናት።»

ስልኩን በሁለት ጣቱ ተቀበለኝና ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ ጆሮው ወሰደው። ወጣቶቹ ለምን እንደሆነ ባያውቁም ጠጋ ብለው አዩት። «ሃሎ» አለ። ቀጥሎ ምንም አልሆነም። ልቡም አልቆመም፣ እሱም አልወደቀም። ዝም ብሎ ሰው እንደሚያወራው ማውራት ጀመረ።

ዶክተሯ ስለ መድኃኒቱ ጠየቀችው። የደም ግፊት ክኒን ጠዋት ጠዋት ይውጣል። ጾም ነበር። ታማሚ ነህና ይቅርብህ ቢባልም፣ ክኒኗን በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምስም ነበር። ይህን ለእሷ ሲነግራት እኔን ላለማየት ወደ ጎማው ጭስ ያይ ነበር። ከዚያ የእጁን ምት እንድቆጥር አዘዘችኝ። አንዱ ወጣት ሰዓቱን አውልቆ ዓይኔ ሥር ያዘልኝ። ቆጥሬ ነገርኳት።

«ምቱ መሣሪያው ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ቁጥር በታች አልወረደም፣ ጥሩ ነው» አለች። «ሳላያቸው እርግጠኛ አልሆንም፣ ግን ማዞሩ ከመድኃኒቱና ከውሃ ጥሙ ይመስለኛል። አሁን ውሃ ይጠጡ፣ ወደ ቤት ይመለሱ። መንገዱ ሲከፈት አያቸዋለሁ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አንድ ደቂቃ ሳትቆዩ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ።»

ከዚያ ስልኩን ለልጃችን ሰጠቻት፣ እኔም ለባለቤቴ መለስኩለት። ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ዓይኑ ውሃ ሞላ። ቀጥሎ ቅንድቡ ተሰበሰበ።

«ድምፅሽ ጎርንኗል። ጉንፋን ይዞሻል?» አላት። መልሷን ሰምቶ ወደ እኔ ዞረ። «ጉንፋን ይዟት እያለ ደህና ናት ትይኛለሽ!»

ኦቦ ከወጣቶቹ የፕላስቲክ ውሃ ተቀብለው አፉ ላይ ደቀኑለት። «ጠጣ። ለእግዜር እኔ አስረዳለሁ» አሉት። ወጣቶቹ በጓሮ መንገድ የምትመልሰን ባጃጅ ጠሩልን። ሹራቡን ያነጠፈው ልጅ ስልኩን ሲቀበለኝ «ማዘር፣ ልጅዎ መልሳ ብትደውል ደህና ሄደዋል እላታለሁ» አለኝ።

መንገዱ ተከፍቶ ሆስፒታል የደረስነው ከሳምንታት በኋላ ነው። ባለቤቴ በእነዚያ ሳምንታት ጠዋት ቁርስ በልቶ፣ ውሃውን ጠጥቶ ክኒኑን ይውጥ ስለነበር ማዞሩ ትቶት ነበር። ዶክተሯ መመርመሪያውን ደረቱ ላይ አድርጋ ማሽኗ ላይ አነበበች። ባትሪው አንዴም ሥራውን አላቋረጠም። እሱ ግን በዚህ ብቻ አልተነሳም። የብየዳውንና የሽመና ማሽኑን ነገር፣ የሬዲዮኑን ነገር ሁሉ ከሥሩ ነገራት። እሷም ተረኛ ሳትጠራ ወንበሯን አስጠግታ ሰማችው።

«ያዩት ትክክል ነው» አለችው። «በአየር ነው የሚመጣው። ብየዳው ደግሞ ከስልክ ይልቅ በጣም ይረብሻል። ግን ሬዲዮ የተሠራው ከአየር ላይ ትንሽ ነገር ለቅሞ አጉልቶ እንዲያሰማ ነው። እዚያ ውስጥ ያለ ሽቦ ያልተፈለገውንም ይለቅማል፣ ማጉያው ያጎላዋል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሬዲዮኑ ተበላሽቶ ያውቃል?»

«አያውቅም። ዜናውን ይቀጥላል።»

«ሬዲዮኑ ሰማ እንጂ አልተጎዳም። ሰውነት ደግሞ እንደዚያ ለቅሞ የሚያጎላ ዕቃ የለውም። ስለዚህ ሬዲዮኑ ስለጮኸ ሰው ይጎዳል ማለት አንችልም።»

«ባትሪዬስ?»

«እሱ ዕቃ ነው። ስንዝሯን የሰጠንዎ ለዚያ ነው። በብረት ታሽጓል፣ ስልኩ እላዩ ላይ ካልተቀመጠ በቀር አያሳስትም። ቢያሳስተውም ስልኩ ሲርቅ ወደ ሥራው ይመለሳል።»

«ባትሪ የሌለውስ ሰው? ልጄ ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ነው።»

«እስካሁን የተመራመሩት ሰዎች እርስዎ የሚፈሩትን ጉዳት በግልጽ አላገኙም። ምርምሩ ግን አላለቀም። የማላውቀውን አልምልልዎትም።»

ይህ የመጨረሻው ቃል ወደ ፍርሃቱ እንዳይመልሰው ሰግቼ ነበር። ከሆስፒታሉ ስንወጣ ግን በእርጋታ ይራመድ ነበር። «ብትምልልኝ ኖሮ አላምናትም ነበር» አለኝ።

የቀረው ችግር ሰፈሩን ማሳመን ሆነ። ባለቤቴ ጣሳውን ነቅሎ ሚስማሩን አወጣ። ጎረቤቶቻችን ግን ማጥፋቱን እንደ አክብሮት ለምደውታል። «አጥፍቼ ብገባ ምን እጎዳለሁ?» እያሉ ከበሩ ውጭ አጥፍተው ይገባሉ። የዓለም ገናው ቀን እንዳይደገም የፈራው እሱ፣ ከቤት ቤት እየዞረ «ስልክ ያጠፋ ሰው ቤቴ አይግባ!» ማለት ጀመረ።

ኦቦ በዚህ ተገረሙ። «አጥፉ ስትል አጠፋን። አሁን ደግሞ አብሩ ትላለህ። መንግሥት ሆንክ እንዴ?» አሉት።

ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። በመጨረሻ የወሰደው የሳንባ ሕመም ነው። ባትሪው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሥራውን አልተወም ነበር። ሰው ስለ ሐዘኔ ሲጠይቀኝ ይህን እነግራቸዋለሁ፣ ለምን እንደምነግራቸው አላውቅም። ምናልባት እነዚያ ዓመታት ለእኔ እንደ ተጨመሩልኝ ስለማያቸው ይሆናል።

ተቃውሞው ወዲያው አልበረደም። መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል። ልጃችን መምጣት የምትችልባቸው ሳምንታት ነበሩ፣ የማትችልባቸውም ነበሩ። ያኔ ባለቤቴ የራሱ ስልክ ነበረው፣ በሱሪው ቀኝ ኪስ የሚይዘው። መንገድ በተዘጋ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ይቀመጥና ይደውላል። ቡራዩ ድረስ በራሱ ጉሮሮ የሚያሰማት ይመስል እየጮኸ ነው የሚያወራው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። ስለ ተኩሱ አያነሱም፣ ስለ መንገዱም አያነሱም።

«ምሳ ምን በላሽ?» ይላል። ትንሽ ያዳምጣል። «ሽሮው ቀጭን ነው ወፍራም?» ደግሞ ያዳምጣል። «እንዴት ቀጭን ትሠሪያለሽ?»

አንድ ቀን እንዲህ እያወሩ ሳለ ዝናብ መጣ። ከመቀመጫው ሳይነሳ እጁን ዘርግቶ ጠብታውን ተቀበለ።

«እዚህ ዘነበ» አላት። «እዚያስ?»

መልሷ እኔ ጋ አልተሰማም። እሱ ግን ፈገግ ብሎ ወደ ቡራዩ አቅጣጫ ሰማዩን አየ።

«እዚያም ጀመረ? በይ እንግዲያው ልብስሽን ከገመዱ ላይ አንሺ። ስልኩን እንዳትዘጊው፣ አንስተሽ እስክትመለሺ እጠብቅሻለሁ።»